የሾላ መልካ አሻጋሪ

ባላምባራስ ወንድይራድ፣ መሪጌታ ኅሩይና ሼህ ይማም የሾላ መልካን ሥርዐት ያቆሙ አባቶች ናቸው። ዓባይ ሲሞላ በዚያ መልካ የሚሻገር መንገደኛ ሁሉ፣ ደሃም ይሁን ባለማዕርግ፣ አስቀድሞ ከሾላው ሥር እንዲቀመጥ፣ አሻጋሪው የሚነግረውን እስከ መጨረሻው እንዲሰማ፣ ለሚደክምለትም ሰው ገና ውሃ ሳይነካው ምስጋናውን እንዲሰጥ ደነገጉ። ምስጋናው ከሥራው በፊት ለምን እንደሚቀድም የጠየቃቸው ሰው ነበር ይባላል። መሪጌታ ኅሩይም፣ ያመሰገኑትን ሰው መጠርጠር ስለሚከብድ ነው ብለው መለሱ። የዛሬ ሰው ከዚያ መልካ የወጣውን ምሳሌ ከአፉ አይለየውም፤ ምሳሌውን የወለደውን ነገር ሲጠይቁት ግን ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ስለዚህ ከአባቴ እንደ ሰማሁት እነግራለሁ።

አንዳርጌ ደባስ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር። አባቱ አቶ ደባስ በጎጃም ከአያቶቻቸው የወረደላቸውን ርስት፣ ባሻ ደሴ የተባለ ጎረቤታቸው የእኔ ነው ብሎ ከሰሳቸው። ርስቱን የሚያጸናው የብራና ጽሑፍ ከዓባይ ወዲያ በቦረና፣ በአንድ ደብር በአደራ ተቀምጦ ስለ ነበረ፣ አቶ ደባስ ልጃቸውን በሚያዝያ ወር ሰደዱት። ሲሄድ ወንዙ ጎድሎ ስለ ነበረ ማንንም ሳይለምን በእግሩ ተሻገረ። ነገር ግን የደብሩ ቄሰ ገበዝ ከሄዱበት እስኪመለሱ፣ ብራናውም ተፈልጎ እስኪገኝ ሳምንታት አለፉ፤ ዝናብም ቀደመው። ችሎቱ በሰኔ መጀመሪያ ሰኞ ተቀጥሯል። በዚያን ቀን ብራናው ካልቀረበ ርስቱን ለባሻ ደሴ እንደሚፈርዱ ዳኛው አስጠንቅቀው ነበር። አንዳርጌ ሾላ መልካ የደረሰው እሑድ ጧት ነው። ከማዶው ዳር እስከ ችሎቱ የግማሽ ቀን መንገድ ስለሚቀረው፣ በዚያው ዕለት መሻገር ግድ ሆነበት።

ከመልካው አጠገብ ጎጆ ቀልሳ ለመንገደኛ በሶ የምትበጠብጥ ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች። አንዳርጌ በሶውን እየጠጣ ወሬ ሲጠይቃት፣ ከትናንት በስቲያ ባሻ ደሴ የሚባል ሰው ከጎጃም ተሻግሮ መጥቶ፣ ከአሻጋሪው ከሽባባው ጋር ከሾላው ሥር እስኪመሽ ተቀምጦ፣ ሌላ ጉዳይ ሳይኖረው በማግሥቱ ተመልሶ እንደ ተሻገረ ነገረችው። ወጣቱ ዋንጫውን ሳይጨርስ አስቀመጠ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያየውን ሁሉ በአንድ ዐይን ብቻ ያይ ጀመር።

ሽባባው ቀጠን ያለ፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጥቂት የሚናገር ሰው ነበር። ሰው ሲያናግረው እንኳ ዐይኑን ከውሃው አያነሣም። የሣር ዘንግ ቆርጦ ይወረውርና፣ ማዕበሉ ወዴት እንደሚወስደው፣ የት እንደሚያዞረው፣ የት እንደሚውጠው ዝም ብሎ ይመለከታል። ጀማሪ ዋናተኛ ክንዱን ያምናል፤ ሽባባው ግን የሚያምነው ያቺን ዝምታ ነበር። አንዳርጌ አሁኑኑ እንሂድ ሲለው ውሃው ገና ነው አለው። ፀሐይ ከፍ ስትል ደግሞ ጠየቀው፤ አሁንም ገና ነው አለው። ወጣቱ ይህን ሁሉ በልቡ መዘገበ፤ ሰውዬው ቀኑን ሊያስመሽብኝ ተቀጥሯል ሲል ደመደመ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሽባባው ተነሥቶ ሁለት የፍየል ስልቻ በትንፋሹ ነፋ። በአንደኛው ላይ መንገደኛው በደረቱ ይተኛበታል፤ ሁለተኛው ዕቃ ታስሮበት በጠፍር ይጎተታል።

«ና፣ ከሾላው ሥር አረፍ በል። የምነግርህ አለ» አለው።

«ነገር አልሻም። አሻግረኝ።»

«ሳትሰማ ከገባህ የምታየውን አታውቀውም።»

«የማየውን ዐይኔ ያውቀዋል። ይልቅ አንተ ከትናንት በስቲያ እዚህ ከማን ጋር እንደ ተቀመጥህ ንገረኝ።»

ሽባባው ሣር ወርውሮ በዐይኑ ተከተለው። «ከመንገደኛ ጋር» አለ።

ይህ መልስ ለአንዳርጌ ከመሐላ በላይ ማስረጃ ሆነው። ጦሩንና ጋቢውን እያመነታ ለዕቃው ስልቻ ሰጠ። ብራናው ያለበትን የቆዳ ማኅደር ግን አልሰጥም ብሎ በአንገቱ አንጠለጠለው። ሽባባው ዕቃ ሁሉ መታሰር እንዳለበት ቢነግረው እንቢታው በረታ። በዚህ ጊዜ ይመኙሻል ከጎጆዋ ደጃፍ ሆና፣ «ምነው ወንድሜ፣ ማኅደሩን ዋና አስተምረኸዋል?» አለችው። እንደ ልማዱም አሻጋሪውን እንዲያመሰግን ስታሳስበው፣ ማዶ ስደርስ አይቼ ነው ብሎ መለሰላት። የሾላው ወግ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሳይነገር ቀረ። ሽባባውም፣ ቀኑ ሳያልፍ ማድረስ ይሻላል ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ አልተከራከረም።

ወደ ውሃው ገቡ። ሽባባው በአንድ እጁ ስልቻውን ይዞ በሌላው እየቀዘፈ፣ ማዕበሉን ሳይጋፋ በማዕበሉ ጀርባ ላይ በሰያፍ ወሰደው። አንዳርጌ ውሃውንም ማዶውንም አያይም፤ ዐይኑ የአሻጋሪውን እጅ ብቻ ይጠብቃል። የወንዙን እኩሌታ እንዳለፉ ከፊት ለፊታቸው ከቋጥኙ ጀርባ አምስት ሰዎች ብቅ አሉ። ሁሉም በእጃቸው ድንጋይ ይዘዋል። አንደኛው ክንዱን ወደ ኋላ ሳበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ለባሻ ደሴ ሸጥኸኝ» አለ አንዳርጌ። ወዲያውም ስልቻውን ለቅቆ በሁለት እጁ የሽባባውን ጉሮሮ አነቀ።

ድንጋዩ ለእርሱ የተወረወረ አልነበረም። በሾላ መልካ፣ አሻጋሪው ከወንዙ እኩሌታ ሲያልፍ የማዶው ሰው ወጥቶ ከመንገደኛው በስተኋላና በግራ በቀኝ ድንጋይ መወርወር፣ ከፍ ባለ ድምፅም መጮኽ የቆየ ልማድ ነው፤ አዞ የሚሸሸው በዚህ ነውና። ከሾላው ሥር ለመንገደኛ የሚነገረውም ዋናው ነገር ይኸው ነበር። በዚያች ቅጽበት ከኋላቸው ዐሥር ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የአዞ ጀርባ ታይቶ ነበር፤ ድንጋዩ በላዩ ሲወርድበት ተመልሶ ጠለቀ። አንዳርጌ ግን ይህን አላየም። እጁ ከሽባባው አንገት ላይ ነበረ።

ዋናተኛ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ማምለጫ አለች። የሚያንቅህን ይዘህ ወደ ታች ትሰጥማለህ፤ እርሱ ትንፋሽ ሲሻ ይለቅሃል፤ አንተም በሌላ በኩል ትወጣለህ። ሽባባው ይህን ቢያደርግ ማንም ባልፈረደበት ነበር። ነገር ግን ልጁ ከሰጠመ ተመልሶ እንደማይወጣ፣ አዞውም ሩቅ እንዳልሄደ ያውቃል። ስለዚህ በአንድ ክንዱ ስልቻውን አቅፎ በሌላው እየቀዘፈ፣ እንደ ታነቀ ዋኘ። ዳር ሲደርስ ፊቱ ጠቁሮ ዐይኑ ደም ለብሶ ነበር።

የድንጋይ ወርዋሪዎቹ አለቃ አያ ጫኔ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው የወጣቱን ጣቶች አንድ በአንድ ከሽባባው አንገት ላይ አላቀቁ።

«ልጅ፣ መሬት ደርሰሃል፤ ልቀቀው» አሉት።

አንዳርጌ እጁን ወደ ደረቱ ሰደደ። ማኅደሩ የለም። በግብግቡ መካከል ማንገቻው ተበጥሶ፣ ማኅደሩ አዞው ወደ ጠለቀበት ወደ ወንዙ መታጠፊያ እየተሽከረከረ ይሄድ ነበር። በዕቃው ስልቻ ላይ የታሰሩት ጦርና ጋቢ ግን ምንም ሳይሆኑ ደርሰዋል። ወጣቱ ወደ ውሃው ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። የአባቱ ርስት በዐይኑ ፊት ሲሄድ እያየ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ከአምስቱም አንድ የገባ የለም።

ሽባባው በጉልበቱ ተንበርክኮ ይስል ነበር። ቀና ብሎ ውሃውን ተመለከተ፤ ረጅም አይደለም፣ ሦስት ትንፋሽ ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ ተነሥቶ ገባ። አያ ጫኔና ሰዎቻቸው በዳሩ እየሮጡ ድንጋይ ሲያዘንቡ፣ እርሱ የማኅደሩን ማንገቻ በጥርሱ ነክሶ ተመለሰ። ማኅደሩ ሰም የተቀባ ስለ ነበረ ብራናውን ውሃ አልነካውም። ሽባባው ለመናገር ቢሞክር ድምፁ አልወጣ አለው። ማኅደሩን ለአንዳርጌ ሰጠና በጣቱ መጀመሪያ ፀሐይዋን፣ ቀጥሎ መንገዱን አሳየው።

ሰኞ ረፋድ ላይ ብራናው በችሎት ተነበበ፤ ርስቱም ለአቶ ደባስ ጸና። ባሻ ደሴ ወንዙን ብቻ እየረገመ ከችሎቱ ወጣ አሉ። አቶ ደባስ ልጃቸው በመልካው ያደረገውን ከራሱ አፍ በሰሙ ጊዜ ግን እራት አላቀረቡለትም። ረቡዕ ዕለት አንዳርጌ ብቻውን ወደ ዓባይ ተመለሰ። ሽባባውን አንገቱን በነጠላ ጠምጥሞ ከአያ ጫኔና ከሰዎቹ ጋር በዳሩ ተቀምጦ አገኘው። ወጣቱ ሳይቀመጥ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ባሻ ደሴ በዚያን ቀን ምን ሊል እንደ መጣ ጠየቀ።

«እስከ ማክሰኞ አቆይልኝ አለኝ፤ እንቢ አልሁት» አለ ሽባባው በተሰነጠቀ ድምፅ።

«ታዲያ ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

ከአምስቱ አንዱ ሊስቅ ሲል አያ ጫኔ በዐይናቸው ገሠጹት።

«አላምንዎትም ነበር» አለ ወጣቱ። «አያ ሽባባው፣ ተሳስቻለሁ። የሸጠኝን ስፈልግ የያዘኝን አነቅሁ።» አጎንብሶም ጉልበቱን ሊስም ሲል ሽባባው በትከሻው ይዞ አስነሣው።

አያ ጫኔ በበትራቸው አሸዋውን ጫር ጫር አደረጉ። በኋላም፣ ሰው መጠርጠሩን አልነቅፍበትም፣ እኔም ስንቱን ጠርጥሬ ድኛለሁ አሉ፤ ቀጥለውም ወደ አንዳርጌ ዞረው፣ «ነገር ግን ልጄ፣ ወንዝ ሳይሻገሩ አሻጋሪን አያንቁም» አሉት።