የሙክቱ ገመድ

ተረት ተረት ስል የላም በረት ካላችሁኝ፣ የዛሬው የበግ ገመድ ነው።

በታኅሣሥ ውርጭ፣ ገና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ወይዘሮ ዘርፌ የምትባል ሴት አንድ ሙክት በግ ገዝታ ከምድጃዋ አጠገብ አሰረችው። ሙክቱም እየሞቀው ገብሱን ይቆረጥም ጀመር። ጎረቤቶች ለወሬ ጎራ ሲሉ ዘርፌ፣ “እኔ እኮ እንስሳ ነፍሴ ነው” ትላለች። እነሱም፣ “ውይ፣ ሲያሳሳ” እያሉ የሙክቱን ላት በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ።

ሙክቱ ኮራ። ደጅ በብርድ ኩርምት ብሎ የተኛውን ውሻ በበሩ ስንጥቅ አየና፣ “አያ ውሻ፣ አገሩ ሁሉ እኔን ሊዳብስ ይመጣል። አንተን ማን ዞር ብሎ አየህ?” አለው።

ውሻው ቀና እንኳ ሳይል፣ “እኔን የወደደኝ ሰው ጆሮዬ ሥር ነው የሚያክልኝ። አንተን የት ነው የሚዳብሱህ?” አለው።

ሙክቱም ከዚያ ወዲያ የመጣው እጅ ሁሉ ጆሮውን አልፎ ላቱ ላይ ሲያርፍ ልብ አለ። ገብሱን ተወና ገመዱን ያኝክ ጀመር።

የገና ዕለት ማለዳ ዘርፌ አራጅ ይዛ ብትገባ ያገኘችው የተበጠሰ ገመድ ብቻ ነው። ሙክቱ ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ፣ ውርጩን ረግጦ ቆሟል። ውሻው ተከትሎት ወጣና፣ “አይበርድህም?” ሲል ጠየቀው።

“ይበርደኛል እንጂ” አለ ሙክቱ። “ግን የሚበርደው የገዛ ላቴ ነው።”

ተረቴን መልሱ፤ በጉን ግን አትመልሱ።