የጨው መኪናዋን ፍሬን ማን ይረግጣል?

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። እንስሳት መኪና በሚነዱበት ዘመን አንድ ያረጀ መካኒክ ነበር፤ አያ ዝንጀሮ ይሉታል። አንዲት የጭነት መኪና አለችው፤ በእሷ ላገሩ እንስሳ ሁሉ ጨው ያመጣል።

አንድ ቀን መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አላትና ወንዝ ከመግባት ለጥቂት ተረፈች። አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። ሮጦ አያ አንበሳ ዘንድ ሄደ።

"ጌታዬ፣ ሽማግሌው እጁ ዝሏል። መኪናዋን ለእኔ ይስጡኝ" አለ።

አያ አንበሳ ወንዙ ዳር ድንጋይ አስቀመጠ። "ነገ ጨው ጭና ትውረድ። ከድንጋዩ በፊት ከቆመች የአያ ዝንጀሮ ናት፤ ካለፈች ያንተ ናት" ብሎ ፈረደ።

ሲነጋ አያ ዝንጀሮ ለሚስቱ ለእመት ወለላ "ዛሬ ማንም አይጠጋኝ፤ ብቻዬን ነው የምሠራው" ብሎ ፎከረ። ጎማው ስር ታኮ ወሸቀና መፍቻውን አነሳ።

መፍቻው ሳቀበት። "አያ፣ ክንድህ ሳስቷል። ብሎኑን በምን ጉልበት ትፈታዋለህ?"

"በአንተው ጉልበት" አለና እጀታው ላይ ረጅም የብረት ቱቦ አጠለቀበት። ጫፉን ተደገፈው። ብሎኑ ሲጥ ብሎ ተፈታ።

የእጅ ባትሪው ሳቀበት። "አያ፣ ዓይንህ ደክሟል። የፍሬኑ ሸራ ማለቁን በምን ታየዋለህ?"

"በጥፍሬ" አለና ዓይኑን ጨፍኖ ጎማውን ፈትጎ የሚያቆመውን ሸራ ዳበሰ። ሸራው ተበልቶ የምስማሮቹ አናት ወጥቷል። አሮጌውን ጣለና አዲስ ገጠመ። ደረቱን ነፍቶ ማፏጨት ጀመረ።

ፔዳሉ ግን አልሳቀም። "አያ፣ የፍሬኑ ዘይት ውስጥ አየር ገብቷል" አለው። "አንተ ከስር ተኝተህ አየሩን ስታወጣ እኔን ማን ይረግጠኛል? እግርህን ነቅለህ ትልክልኛለህ?"

አያ ዝንጀሮ ማፏጨቱን ተወ።

ይህን ጊዜ አያ ጅቦ ከአጥሩ ጀርባ ብቅ አለ። "እኔ እረግጥልሃለሁ። ለማንም አልናገርም" አለ።

ሽማግሌው ጨነቀው። ጅቡ ልቀቅ ሳይባል እግሩን ካነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ሚስቱን ከጠራ ደግሞ የጠዋቱ ፉከራ አለ። አሰበ፣ አሰበና "ወለላዬ" ብሎ ተጣራ።

እመት ወለላ እጇን እየጠረገች መጣች። "ብቻዬን ያልከው የት ገባ?"

"አፌ ነው ያለው። እጄ መች አለ?"

ሳቀችና ጋቢና ገባች። እሱም በጀርባው ተንሸራቶ ከስር ገባ።

"ርገጪ።" "ረገጥኩ።"

"ያዢ።" "ያዝኩ።"

የአየር ማውጫዋን ትንሽ ብሎን ላላ ሲያደርጋት አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። ብሎኗን መልሶ አጠበቀና "ልቀቂ" አለ። "ለቀቅኩ" አለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው የሠሩት፤ አንድም ቀን ቀድማው ለቅቃ አታውቅም። ጥሩ ዘይት ብቻ እስኪወርድ ደጋገሙት። በመጨረሻ ፔዳሉ "አሁን ጠንክሬያለሁ" አለ።

ጨው ተጫነ። አያ ዝንጀሮ ሚስቱን ጎኑ አስቀመጠና "አያ ጅቦ፣ አብረኸን አትወርድም?" አለ።

"ሆዴን ቆረጠኝ" አለ ጅቡ።

መኪናዋ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ፍየሎች ጥጋቸውን ያዙ፤ በሬዎች ትንፋሻቸውን ዋጡ። አያ ዝንጀሮ ረገጠ። መኪናዋ ድንጋዩ ጋ ለመድረስ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች።

"ማን ሠራት?" አለ አያ አንበሳ።

ሽማግሌው ጉልበቱ እየተንቋቋ ወረደ። ወገቡን አቀና። "እኔ ነኝ የሠራኋት" አለ፤ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ። ከዚያ እጁን ወደ ጋቢናው ዘረጋ። "ያዢ ስል የያዘችልኝ ደግሞ እሷ ናት።"

እመት ወለላ በኩራት ቀና አለች። እንስሳቱም ጨዋቸውን ላሱ።

ያረጀ መካኒክ በሙያው ይኩራ፣ ደረቱንም ይንፋ፤ ፔዳሉን ሲረግጥለት የኖረውን ግን አይርሳ። ተረቴም እዚህ ላይ ፍሬን ያዘች፤ ተሳፋሪ ውረዱ።