ዳገት ጫፍ ላይ የሚጠብቅ ወዳጅ

አንድ ጥላዬ የሚባል ነጋዴ አዲስና ፈጣን ሞተር ነበረው። የልጅነት ወዳጁ ልብስ ሰፊው ዘርጋው ደግሞ ዳገት ባየች ቁጥር እንደ ሽማግሌ የምታስል አሮጌ ሞተር ነበረችው። ሁለቱ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቅዳሜና እሁድ መርጠው፣ መኪና በማይበዛበት ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ አብረው ይጓዙ ነበር። ጥላዬ ዓመቱን ሙሉ ሸቀጥ ሲያወጣና ሲያወርድ የሚያስበው ያንን ጉዞ ነው።

ዘንድሮም ጥላዬ ወደ ወዳጁ ስፌት ቤት ገብቶ፣ ጠመኔ አንስቶ፣ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ መንገዱን ሳለ። ዳገቶቹን፣ ኩርባዎቹን፣ የሚያድሩበትን መንደር አመለከተ። በየዳገቱ ጫፍ ክብ አደረገ።

«እዚህ እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ» አለ። «ያቺ የምታስታምማት ሞተርህ እስክትደርስ አንድ እንቅልፍ እተኛለሁ።»

ዘርጋው ሳቀ፤ ግን ዘንድሮ እንደማይሄድ ነገረው። የሰርግ ልብስ እንዳለበት አመካኘ። የማን ሰርግ እንደሆነ ሲጠየቅ የሙሽራው ስም ጠፋው። ጥላዬን ከፋው። አንድም ቀን ጥሎት ሄዶ እንደማያውቅ፣ ሁልጊዜ ቆሞ እንደጠበቀው እየዘረዘረ ወቀሰው።

ዘርጋው መቀሱን አስቀመጠ።

«ጠብቀኸኛል፤ አልካድኩም። ቀድመህ ደርሰህ ታርፋለህ። እኔ ስደርስ ‹መጣህ? በል እንሂድ› ብለህ ትነሳለህ። በየዳገቱ ያረፍከው አንተ ነህ ወንድሜ። እኔ አርፌ አላውቅም።»

ከዚያ እስካሁን የደበቀውን ነገረው። አምና በመጨረሻው ቁልቁለት ክንዱ ዝሎ፣ ኩርባውን ስቶ፣ ጎማው የቆመው ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ጥላዬ ያን ጊዜ ከታች ሆኖ፣ ይህ ሰው ምን አስቆየው እያለ ሰዓቱን ያይ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አለ ጥላዬ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«የሚጠብቀኝን ሰው ምን ብዬ ልውቀስ?»

ጥላዬ ክቦቹን በመዳፉ አጠፋቸው። በዚህ ጉዞ ዘርጋው ከፊት እንዲሄድ፣ እሱን ባሰኘው ቦታ ብቻ እንዲያርፉ ለመነው። ዘርጋው ትንሽ ካቅማማ በኋላ እሺ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ወጡ። መጀመሪያ ላይ ጥላዬን ነዳጅ ለመስጠት እጁን በላው፤ ዳገቱ አላልቅ አለው፤ የወዳጁ ሞተር ጭስ አፍንጫው ገባ። ቆይቶ ግን ዘርጋው ኩርባ ሲቃረብ ትከሻው እንደሚሸማቀቅ፣ ሜዳ ሲያገኝ ግራ ክንዱን እያነሳ እንደሚያፍታታ አየ። ስንት ዓመት አብረው ተጉዘው ወዳጁ ሲነዳ አይቶት አያውቅም ነበር።

ዘርጋው ደከመውና አቆመ። ጥላዬም ሳይደክመው አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እንዲህ ከሆንን መንደሩ ሳንደርስ ይመሻል» አለ ዘርጋው።

«ይምሽ» አለ ጥላዬ፤ ወዳጁ ራሱ ተነስቶ ሱሪውን እስኪያራግፍም ከድንጋዩ አልተነሳም።

ቀድሞ ደርሶ የሚጠብቅ ሰው ደግ የሆነ ይመስለዋል። ባል ሚስቱን፣ ልጅ ያረጀች እናቱን እንዲህ ይጠብቃል፤ ምስጋና ሲቀርበትም ያኮርፋል። ያረፈ ሰው ግን ቢጠብቅ ምን ይጎድልበታል? ፍቅር የሚታወቀው በደካማው እርምጃ በመሄድ ነው። እርስዎም የሚጠብቁት ሰው ካለ፣ ሲደርስ «በል እንሂድ» ነው የሚሉት ወይስ «ና ተቀመጥ»?