በር ላይ የቆመችው ጊደር

«እማዬ፣ የንስሐ አባት ቢበድል ለማን ይነገራል?» ብላ ልጄ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ጠየቀችኝ። ከእናቴ የሰማሁትን ታሪክ ነገርኳት።

አንድ የንስሐ አባት ነበሩ። በየቤቱ እየገቡ ጸበል ይረጫሉ፣ መስቀል ያሳልማሉ። አንድ ቀን ትርንጎ የምትባል ሴት ልጅ የሆነችውን አንጓችን ብቻዋን አግኝተው ደፈሯት። ከዚህ ወዲያ አንቱ አልለውም።

አባቷ ለሽማግሌዎች ተናገረ። እነሱም «የቤተ ክርስቲያን ገመና አይገለጥም» ብለው ከበዳዩ ለአንጓች አባት አንዲት ጥቁር ጊደር በካሳ አሰጡ፤ ነገሩን ያወጣም ይወገዝ አሉ። አንጓችን የጠየቃት አልነበረም።

ጊደሯ ሣር አልነካ፣ ውኃ አልጠጣ አለች። ግን አልከሳችም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቋጠሮው ሳይፈታ፣ ገመዱ ሳይበጠስ ከበረት ወጥታ ጎረቤት በር ላይ ተገተረች። ጭራዋን አትወዘውዝ፣ ዝንብ አያርፍባት። የዚያ ቤት ልጅ ስታያት እሪ አለች። እናቷ ምን ሆንሽ ብትላት፣ በአንጓች የደረሰው በእሷም ደርሶ ኖሯል። በሁለተኛው ቀን ሌላ በር። በሰባት ቀን ሰባት በር።

በስምንተኛው ቀን ትርንጎ ሰባቱን እናቶችና ልጇን አስከትላ ወደ ዳኛ ተነሳች። አንዱ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«አንቺ ትርንጎ፣ ካሳ በልታችሁ ደግሞ ታቦት ልትከሺ ነው?»

«ታቦቱን ማን ነካው አባባ? ከጀርባው የተደበቀውን ነው። ጊደሯን እንደሆነ ይውሰዷት። ሴት ልጅ አለችዎት አይደል?»

ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መሰለ። መንገዱን ለቀቁ።

ዳኛው «ታርቃችሁ የለም እንዴ?» አሉ።

«የታረቀው አባቷ ነው ጌታዬ። የተበደለችው እሷ ናት።»

«እርቅ ወንጀልን አያስቀርም» አሉ ዳኛው። ወደ አንጓች ዞረውም «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሏት።

ሰው ሲጠይቃት የመጀመሪያዋ ነበር። «ሌላ ቤት እንዳይገባ። ለእኔም መታከሚያ» አለች።

ሰውየው ታሰረ። ካሳው በልጆቹ በራሳቸው ስም ተቆረጠ፤ እያወቀ ዝም ያሰኘው ደብርም ድርሻውን ከፈለ።

ይህን ስጨርስ ልጄ እርምጃዋን ገታች። «እማዬ፣ ጊደሯ እኛ ሰፈር ብትመጣ፣ እኛ በር ላይ ትቆማለች» አለችኝ። ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። በየወሩ ማዕዳችንን የሚባርከውን ሰው ስም ጠራች።

ይህን የምታነቡ እናቶች፣ ካሳ የተበዳይ መጠገኛ ነው፤ አፍ ለማስያዝ ከተሰጠ ግን ጉቦ ነው። ፈጣሪም ግፍ ሸፍኑልኝ ብሎ አያውቅም። እናንተ ሰፈር በእርቅ የተዘጋ ስንት በር አለ?

እኔ በማግስቱ ጠዋት ልጄን እጇን ይዤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።