በር የዘጋው አጋፋሪ

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጠጋ ነው። ልጁን በዳረ ቀን ያልተጠሩ ጎረምሶች እየተጋፉ ገብተው የዳሱን ምሰሶ ሊጥሉት ደረሱ። ሰውየውም ክንደ ብርቱ አጋፋሪ ጠርቶ በሩ ላይ አቆመ። አጋፋሪው በሩን ግጥም አድርጎ ዘጋ፤ ግርግሩ በረደ፤ ሰርጉም በሰላም አለፈ። የአጋፋሪው ስም በአገሩ ገነነ።

ከወንዙ ማዶ ደግሞ አንድ ገበሬ ነበረ፤ እርሱም ሴት ልጁን ይድር ነበር። የእርሱ ግብዣ ችግር ግን ሌላ ነው። አሳላፊዎቹ ወጥ ሊያመጡ ሲወጡ ሁሉም አብረው ይወጣሉ፤ ሲመለሱም አብረው ይመለሳሉ። በዚያ መካከል እንግዳው ሁሉ የቆረሰውን እንጀራ በእጁ እንደያዘ ፈዝዞ ይቀራል፤ ጥቂት ቆይቶም ምንም እንዳልሆነ መብላቱን ይቀጥላል። ገበሬው በአማቾቹ ፊት እንዳያፍር ሠጋ። ጎረቤቶቹም የባለጠጋውን ሰርግ ያዳነ አጋፋሪ የአንተንም ያድናል ብለው መከሩት፤ አስመጣው።

አጋፋሪው እንደ ልማዱ በሩን ዘጋ። ዳሱ ግን አንድ በር ብቻ ነበረው፤ ጎረምሳም ቢመጣ አሳላፊም ቢመጣ የሚገባው በዚያው ነው። አሳላፊዎቹ ድስታቸውን እንደያዙ ደጅ ቀሩ። እንግዳው እጁን አንጠልጥሎ ዝም አለ። አጋፋሪው ዝምታውን ሲሰማ ሥራው የሠመረለት መሰለውና ዘንጉን ተደግፎ ፈገግ አለ።

በመጨረሻ የሙሽራው አባት ወደ ገበሬው ዘንበል ብለው፣ «የኔ ጌታ፣ የጠራኸን ለሰርግ ነው ወይስ ለሕማማት?» ሲሉ ጠየቁት።

ገበሬው ተነሣ። አጋፋሪውን አልተቆጣውም፤ እጁን ይዞ ወስዶ ከእንግዶቹ መካከል አስቀመጠው።

«ወንድሜ፣ ብርቱ ነህ፤ የእኔ ግብዣ ግን የታመመው በግፊያ አይደለም» አለው።

ከዚያም በሩን ከፍቶ፣ አንድ ረጋ ያሉ ሽማግሌ አሳላፊዎቹን በየተራ እንዲያስወጡና እንዲያስገቡ አደረገ። ወጡ ሳይቋረጥ ደረሰ። ከሁሉም አብልጦ የበላው አጋፋሪው ነበረ።

ወይዘሮ ይታይሽ፣ የእኅትዎን ልጅ መንፈራገጥ ያስቆመው መድኃኒት፣ ተካፍለው ቢሰጧት የልጅዎን የፍሬሰላምን መፍዘዝ ስለ ምን እንዳባሰው እኔን ሐኪሟን ጠይቀውኛል። የሁለቱም ሕመም የሚጥል በሽታ ነው፤ ዓይነቱ ግን ይለያያል። የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚቀበሉበት በር አላቸው፤ ያ መድኃኒት በር የሚዘጋ አጋፋሪ ነው። የእኅትዎ ልጅ አንጎል ግርግር ገብቶበት ነበርና በሩ ሲዘጋ ጋብ አለለት። የፍሬሰላም ሕዋሳት ግን እንደ ገበሬው አሳላፊዎች አብረው ወጥተው አብረው የሚመለሱ ናቸው፤ ሥርዓት የሚያስይዟቸው ሌሎች ሕዋሳትም መልእክት የሚቀበሉት በዚያው በር ነው። ስለዚህ ማንኪያዋን እንደያዘች የምትፈዝበት ጊዜ ረዘመ፤ ዝም ስላለችም የተሻላት መሰለ።

መድኃኒት ለልጄ አይሆንም አይበሉ፤ በራስዎም እጅ በድንገት አያቋርጡት። አጋፋሪውን እኛ ቀስ አድርገን ከበሩ እናነሣዋለን፤ በምትኩም ተራ አስከባሪውን፣ ለእርሷ ሕመም ዓይነት የሚስማማውን ሌላ መድኃኒት፣ እናቆማለን። እርሱ ሥራውን ከያዘ፣ ገበታ ላይ «ፍሬሰላም» ብለው ሲጠሯት በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ትልዎታለች።