ለኢክራም አባት የተከፈተው ገጽ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የማወራችሁ ሩቅ አገር የሆነ ነገር አይደለም።

ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት የወሎ ከተማ ሰዓዳ የምትባል መምህርት ነበረች። የምታስተምረው መስማት የተሳናቸውን ሕፃናት ነው። ከተማሪዎቿ አንዷ ኢክራም ናት፤ እጆቿ ከነቃች እስክትተኛ ወሬ አያልቅባቸውም። አባቷ ይመር ግን የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ ወርዶ ሳምንታት ይቆያል። ቤት ሲገባ ልጁ በእጇ ታወራዋለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዱም አይገባውም።

አንድ ቀን ሊሄድ ሲል የሰዓዳ ክፍል በር ላይ ቆመና፣ «ቲቸር፣ እኔ እዚህ እየመጣሁ መማር አልችልም። በስልክ የሚታይ ነገር ቢኖር ግን መንገድ ላይ ሳርፍ እለማመድ ነበር» አላት።

ሰዓዳ ክረምቱን ሙሉ እጇን በቪዲዮ ስትቀርጽ ከረመች። «ውሃ» እንዲህ ነው፣ «ራበኝ» እንዲህ ነው፣ «ናፍቀሽኛል» እንዲህ ነው እያለች ድረ ገጽ አዘጋጀች። የቀራት ገጹ ተከፍቶ ይመር ካለበት ሆኖ እንዲያየው ብቻ ነው።

የከተማዋ ሰርቨር አንድ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲያጉረመርም ይውላል። የቤተ መጻሕፍቱም፣ የውሃ ቢሮውም፣ የመናኸሪያውም ገጽ የሚኖረው እሱ ላይ ነው። የሚያስተዳድረው ደግሞ አወል ነው።

«አወልዬ፣ ገጼን ክፈትልኝ» አለችው።

«ደስ ይለኝ ነበር ቲቸር፤ ግን ሰርቨሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ግማሹን የያዘው የቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ ገጽ ነው። የቤተ መጻሕፍቷ ትርንጎ እሱን ታንሳና ወዲያው እከፍትልሻለሁ።»

ትርንጎ ካላነሳች አወል አይከፍትም፤ አወል ካልከፈተ የኢክራም አባት አይማርም። ሰዓዳ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ዞረች።

«አሮጌውን ገጽማ እኔም አልወደውም» አለች ትርንጎ መጽሐፍ እየደረደረች። «ግን የውሃ ቢሮው ገጽ የደንበኞቹን ስም የሚያነበው ከእሱ ነው። ባነሳው የእነሱ ይወድቃል። የቢሮው አቶ እሸቴ የእነሱን ወደ አዲሱ ገጻችን ያዙሩት፣ እኔ በደቂቃ አነሳዋለሁ።»

አቶ እሸቴ ካላዞሩ ትርንጎ አታነሳም፤ ትርንጎ ካላነሳች አወል አይከፍትም፤ አወል ካልከፈተ የኢክራም አባት አይማርም። ሰዓዳ ወደ ውሃ ቢሮው ወጣች።

አቶ እሸቴ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ማዞሩ ቀላል ነበር። ነገር ግን ሰርቨሩ ጠፍቶ እንደገና መብራት አለበት፤ እሱ ሲጠፋ የሁላችንም ገጽ ይጠፋል። አንድ ግቢ እንደተከራየ ሰው ነን እኮ፣ ቆጣሪያችን አንድ ነው። ባለፈው ሳንነግራት ስናጠፋ የመናኸሪያዋ ዘሀራ ያወረደችብኝ እርግማን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እሷ ትፍቀድ።»

ዘሀራ ካልፈቀደች አቶ እሸቴ አያዞሩም፤ አቶ እሸቴ ካላዞሩ ትርንጎ አታነሳም፤ ትርንጎ ካላነሳች አወል አይከፍትም፤ አወል ካልከፈተ የኢክራም አባት አይማርም። ሰዓዳ ወደ መናኸሪያው ወረደች።

«ተሳፋሪውንስ በጉሮሮዬ እጠራዋለሁ» አለች ዘሀራ፣ በረዳቶቹ ጩኸት መሐል ድምጿን ከፍ አድርጋ። «የምፈራው ለዓሣ አጥማጁ ለጋሽ ሁሴን ነው። ዓሣ የሚጭነው መኪና መቼ እንደሚደርስ እኔ ገጽ ላይ ነው የሚያዩት። እሳቸው እሺ ይበሉ።»

ጋሽ ሁሴን ሐይቁ ዳር መረብ ሲጠግኑ አገኘቻቸው።

«ልጄ፣ ዓሣዬን በመረብ እንዳለ ውሃ ውስጥ ነው የማቆየው። ቀድሜ ባወጣው ፀሐይ ይጨርስብኛል፤ ዘግይቼ ባወጣው መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል። ገጹ ከጠፋ በምን ልወቅ?»

«ዘሀራ ብትደውልልዎትስ?»

«ዘሀራ ወረፋው መሐል ሆና ስልክ ታነሳለች? ማን አለኝ የሚደውልልኝ!»

ጋሽ ሁሴን እሺ ካላሉ ዘሀራ አትፈቅድም፤ ዘሀራ ካልፈቀደች አቶ እሸቴ አያዞሩም፤ አቶ እሸቴ ካላዞሩ ትርንጎ አታነሳም፤ ትርንጎ ካላነሳች አወል አይከፍትም፤ አወል ካልከፈተ የኢክራም አባት አይማርም።

ሰዓዳ ከጀልባቸው ጎን ተቀመጠች። ሁሉም ጥሩ ሰው ነው፣ ሁሉም እውነቱን ነው፤ በማን ትቆጣ? በድንገት ቀና አለች።

«እኔ እደውልልዎታለሁ! ነገ ጠዋት ክፍል የለኝም። መናኸሪያው ቆሜ መኪናው ብቅ ሲል እደውላለሁ።»

«ፀሐይ ላይ ቆመሽ ልትጠብቂ?»

«ዓሣው ፀሐይ ላይ ከሚውል እኔ ልዋል።»

ጋሽ ሁሴን መረቡን ጥለው ሳቁ። «በይ እንግዲያው ይጥፋ!»

በነጋታው አወል ሰርቨሩን አጠፋ። ሰዓዳ ዓይኗን መናኸሪያው በር ላይ ተክላ ቆመች። መኪናው ግን የለም። ፀሐዩ ከረረ፤ አሁንም የለም። ኋላ ዞር ብትል፣ ለካ በታችኛው በር ገብቶ፣ የሚጭነው አጥቶ ሊወጣ ሞተሩን አስነስቷል! ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ ሮጠች። ከመኪናው ፊት እጇን ዘርግታ ቆመች፣ በሌላው እጇ ደወለች።

«ጋሽ ሁሴን፣ ያውጡት! ደርሷል!»

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ሴትዮ?» አለ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

«ዓሣው እየመጣ ነው፣ ወንድሜ። ትንሽ ታገሠኝ።»

ሾፌሩ አጉረመረመ፤ ግን ሞተሩን አጠፋ። ብዙም ሳይቆይ የጋሽ ሁሴን ጋሪ ውሃ እያንጠባጠበ ደረሰ፤ ዓሣው ገና ይላወሳል።

ከዚያማ ምን ያቆመዋል! ጋሽ ሁሴን እሺ ስላሉ ዘሀራ ፈቅዳለች፤ ዘሀራ ስለፈቀደች አቶ እሸቴ አዞሩ፤ አቶ እሸቴ ስላዞሩ ትርንጎ አነሳች፤ ትርንጎ ስላነሳች አወል ከፈተ። ሰዓዳ ነጠላዋን ከመሬት አንስታ ስታራግፍ ስልኳ ጮኸ።

«ቲቸር፣ እስቲ ገጽሽን እዪው» አለ አወል።

ከፈተችው። የገዛ እጇ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አላት።

ሰንበት ብሎ፣ ይመር ከመንገድ በቪዲዮ ደወለ። ኢክራም ከእናቷና ከሰዓዳ መሐል ተቀምጣለች። መሪ የለመዱ ወፍራም ጣቶቹን ወደ ስልኩ አስጠግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ በፍርሃት «ናፍቀሽኛል» አላት።

ልጅቷ ቅንድቧን ሰብስባ እጁን በደንብ አየችው። አውራ ጣቱ ተጣሟል። ትንሿን እጇን ዘረጋችና በስልኩ መስታወት ላይ የአባቷን ጣት ልታቃና ትገፋው ጀመር።

የእኔ ወሬ እዚህ ላይ አለቀ፤ እነሱ ግን ገና እያወሩ ነው።