የግራው ፔዳል አልፈታም ያለ ዕለት

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሯችሁን አቅርቡ፣ እግራችሁን ሰብስቡ።

በጣና ዳር ምኒችል የሚባል ሰው ነበር። አንድ የተራራ ብስክሌት ነበረው፤ ብስክሌቱም ሁለት ወፍራም ፔዳሎች ነበሩት። ፔዳሎቹን ሲገዛ ጓደኛው ይኼነው አጠገቡ ቆሞ፣ "ተው ምኒችል፣ ቀጭኑን ጠፍጣፋ ውሰድ። የኮረብታው መንገድ ድንጋያም ነው፤ ወፍራም ፔዳል ዝቅ ሲል ድንጋይ ይገጫል" ብሎት ነበር። ምኒችል ግን፣ "ቀጭን ነገር ምን ያኮራል? እግሬ ሲያርፍ አንድ ነገር ላይ ያረፈ ይምሰል እንጂ!" አለና ወፍራሙን ገዛ። ይኼነውም እየሳቀ በገዛ እጁ ገጠመለት።

አንድ ቀን ሁለቱ ከኮረብታው ሲወርዱ፣ ምኒችል ከፊት፣ ይኼነው ከኋላ፣ ወፍራሙ ፔዳል ድንጋይ ገጨ። ምኒችል ተንገዳግዶ ቆመ። ይኼነው እሱን ላለመግጨት ሲጠመዘዝ ወደቀና የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ምኒችል ደነገጠ፤ አፉም ቀደመውና፣ "ማን ከኋላዬ ተለጠፍ አለህ!" አለው። ያችን ቃል ራሱ ወዲያው ጠላት፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምኒችል ኮረብታውን አልወጣም፤ በይኼነው ደጅም አላለፈም። ሲብስበት ሄዶ ቀጭን ጠፍጣፋ ፔዳል ገዛ፣ ብስኩት የመሰለ። ወፍራሙ ከወረደ ጸጸቱም አብሮ የሚወርድለት መስሎት ነበር። የፈለገው ይህችኑ ብቻ ነው።

የቀኙ ፔዳል ወዲያው ወረደ። የግራው ግን፣ "አልወርድም" አለ። ምኒችል ታገለ፣ ላበው፣ በግራው ፔዳል ግራ ገባው።

ስለዚህ የብሎን መፍቻ ቁልፉን ጠየቀ። "ቁልፍ ሆይ፣ ፔዳሉን ፍታልኝ፤ ፔዳሉ አልወርድም አለ።" ቁልፉም፣ "እኔ ቁልፍ ነኝ እንጂ ዳኛ ነኝ? አልፈታም" አለ።

ምኒችል ተናደደና ከብረት ቀጥቃጩ ዘንድ ሄዶ እሳቱን ጠየቀ። "እሳት ሆይ፣ ቁልፉን አቅልጥልኝ፤ ቁልፉ ፔዳሉን አልፈታም አለ፣ ፔዳሉ አልወርድም አለ።" እሳቱም፣ "ቁልፍ ከእኔ የወጣ ልጄ ነው። ልጁን የሚያቀልጥ ማን አለ? አላቀልጥም" አለ።

ምኒችል ሐይቁ ዳር ወርዶ ውሃውን ጠየቀ። "ውሃ ሆይ፣ እሳቱን አጥፋልኝ፤ እሳቱ ቁልፉን አላቀልጥም አለ፣ ቁልፉ ፔዳሉን አልፈታም አለ፣ ፔዳሉ አልወርድም አለ።" ውሃውም ተዘርግቶ እንደተኛ፣ "እሳት ከጠፋ ዓሣ በምን ይጠበሳል? ዓሣ ካልተጠበሰ ማን ይጎበኘኛል? አላጠፋም" አለ።

ምኒችል ጉማሬውን ጠየቀ። "ጉማሬ ሆይ፣ ውሃውን ጠጥተህ ጨርስልኝ፤ ውሃው እሳቱን አላጠፋም አለ፣ እሳቱ ቁልፉን አላቀልጥም አለ፣ ቁልፉ ፔዳሉን አልፈታም አለ፣ ፔዳሉ አልወርድም አለ።" ጉማሬው አንድ ዓይኑን ብቻ ከፈተ። "ቤቴን ጠጥቼ የት ልደር? አልጠጣም" አለና ተመልሶ ጠለቀ።

ምኒችል ዛፍ ተደግፎ የቆመ አንድ የደንገል ታንኳ አየና እሱንም ጠየቀ። "ታንኳ ሆይ፣ ጉማሬውን አባርርልኝ፤ ጉማሬው ውሃውን አልጠጣም አለ፣ ውሃው እሳቱን አላጠፋም አለ፣ እሳቱ ቁልፉን አላቀልጥም አለ፣ ቁልፉ ፔዳሉን አልፈታም አለ፣ ፔዳሉ አልወርድም አለ።"

ታንኳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "የሚቀዝፈኝ እጅ ሳይኖር በምን ልሂድ? የጌታዬ እጅ ከተሰበረ ወዲህ ውሃ ነክቼ አላውቅም። አላባርርም። ከፈለግህ እጁን ጠይቅ" አለው።

ምኒችል ያን ጊዜ ታንኳውን አወቀው። የይኼነው ነበር። ቀጭኖቹን ፔዳሎችና ቁልፉን ታቅፎ፣ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ፈርቶ የተወውን መንገድ ያዘ።

ይኼነው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የዓሣ መረቡን በግራ እጁ ይጠግናል። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ አርፏል፤ አንጓው ወደ ጎን ጠምሟል። ምኒችል ፊቱን ማየት አቃተውና ለእጁ ተናገረ።

"እጅ ሆይ፣ ታንኳውን ቅዘፍልኝ፤ ታንኳው ጉማሬውን አላባርርም አለ፣ ጉማሬው ውሃውን አልጠጣም አለ፣ ውሃው እሳቱን አላጠፋም አለ፣ እሳቱ ቁልፉን አላቀልጥም አለ፣ ቁልፉ ፔዳሉን አልፈታም አለ፣ ፔዳሉ አልወርድም አለ።"

ይኼነው እስኪጨርስ ጠበቀው።

"በቃ? ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"ቁልፉን ጠየቅህ፣ እሳቱን ጠየቅህ፣ ውሃውን ጠየቅህ፣ ጉማሬውን ጠየቅህ፣ ታንኳውን ጠየቅህ። እኔን ግን አልጠየቅኸኝም።"

ምኒችል መሬት መሬቱን አየ።

"ወጌሻው ሲያሸኝ እየጮኽሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ብርቱካን ይዞ ሲገባ፣ እኔ በሩን በሩን ነበር የማየው። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ። የተናገርከኝንማ ያኔውኑ ረስቼው ነበር።"

"አፍሬ ነው፣ ይኼነው።"

"አፍሮ ነው እያልኩ ነው የጠበቅሁህ። ሐፍረት ግን እንዲህ ይረዝማል እንዴ?"

ምኒችል ተንበርክኮ የጠመመውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። "ብርቱካን እንኳ አልያዝኩም" አለ። ከዚያ ቀድሞ ማለት የነበረበትን፣ በየሌሊቱ በሆዱ ሲለው የነበረውን አወጣው፤ "እግዜር ይማርህ፣ ወንድሜ።"

"ዘግይተሃል። አጥንቱ ጠምሞ ገጥሟል" አለ ይኼነው። ቀጥሎም፣ "ግን አሜን" አለ።

አሜን ሲል እጁ ታንኳውን ልቅዘፍ አለ፣ ታንኳው ጉማሬውን ላባርር አለ፣ ጉማሬው ውሃውን ልጠጣ አለ፣ ውሃው እሳቱን ላጥፋ አለ፣ እሳቱ ቁልፉን ላቅልጥ አለ፣ ቁልፉም "ኧረ ልፍታ፣ አሁኑኑ ልፍታ!" አለ። ፔዳሉ ግን፣ "እኔ መች እምቢ አልኩ? ይኸ ሰው እኮ ወደ ማጥበቂያው ነው የሚያዞረኝ!" አለ።

ይኼነው ብስክሌቱን አየና ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቡ ሳቀ። "አንተ ሰው፣ የግራው እኮ በተቃራኒው ነው የሚፈታው! በታገልህ ቁጥር ስታጠብቀው ነው የከረምከው።" ጠማማ እጁን ከምኒችል እጅ በላይ አሳረፈና አብረው ወደ ሌላው ጎን አዞሩት። ፔዳሉ ተፈታ። ቀጭኖቹን ገጠሙ። ወፍራሞቹን ይኼነው ወሰዳቸው፤ "ለመረቤ ማስጠሚያ ይሆኑኛል" አለ።

በማግስቱ ምኒችል ኮረብታውን ወጣና ያን መንገድ ወረደ። ቀጭኑ ፔዳል በዚያ ድንጋይ ላይ ሳይነካው አለፈ። "አለፍኩት!" ብሎ ጮኸና ወደ ኋላ ዞረ። ከኋላው ማንም አልነበረም። የይኼነው እጅ መቅዘፊያ ይገፋል እንጂ ከእንግዲህ ፍሬን አይጨብጥም።

ታች ሐይቁ ላይ አንዲት ታንኳ በትንሹ ወደ ጎን እያዘነበለች ትሄዳለች። ምኒችል ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና እስክትርቅ ድረስ አያት። "ያኔ ቀጭኑን መርጬ ቢሆን፣ አብረን እንወርድ ነበር" አለ። ነበር ባይሰበር።

ተረቴን ፈትቼ ለቀቅኋት፤ እናንተም አፌን በብርቱካን አብሱልኝ።